አንድን ኮንፈረንስ በሁለት ምድብ መክፈል፦ ሚዛኑ ለምን አልጸናም?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት ጨዋታ) አንድ ኮንፈረንስ፣ ማለትም እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ፣ በጉልበት የሚመጣጠኑ ሁለት ምድቦች ሆኖ እንዴት ሊከፈል ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል የቢሮ ሥራ ይመስላል፤ የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ አራት ቡድኖች ስም በወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ መሐል ላይ መስመር ይሰመራል፣ በዚያው ያልቃል። ነገር ግን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት መስመሩን ያሰመሩት ትልልቅ ኮንፈረንሶች፣ አንዳንዶቹም ሁለት ጊዜ ካሰመሩት በኋላ፣ በመጨረሻ ደምስሰውታል። ለምን እንደደመሰሱት ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቻችን ስፖርትን የምናውቀው በእግር ኳስ በኩል ስለሆነ ከዚያ ልነሣ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እያንዳንዱ ክለብ ከሌሎቹ 19 ክለቦች ጋር አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ ከሜዳው ውጭ ይገናኛል፤ 38ኛው ጨዋታ ሲያልቅ ሁሉም የተፈተነው በአንድ ዓይነት ፈተና ስለሆነ የደረጃ ሰንጠረዡ ራሱ ፍርዱን ይሰጣል። የዓለም ዋንጫ ምድብ አለው፤ ይሁን እንጂ ምድቡ በዕጣ ይወጣል፣ ውድድሩ ሲያልቅም ይፈርሳል፤ «የሞት ምድብ» የደረሰው አገር ዕድሉን የሚረግመው ለዚያ ውድድር ብቻ ነው። የኮሌጅ ፉትቦል ከሁለቱም ይለያል። ጨዋታው ሰውነትን ክፉኛ ስለሚያደክም ቡድኖች በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አይጫወቱም፤ በመደበኛው የውድድር ዘመን ለአንድ ቡድን የሚደርሰው 12 ጨዋታ ሲሆን ከዚህ ውስጥ የኮንፈረንሱ ድርሻ 8 ወይም 9 ነው። አባላቱ 14 ከሆኑ ማንም ቡድን ከሌሎቹ 13 ጋር በአንድ ዓመት ሊገናኝ አይችልም። ምድቡም በየዓመቱ አይወጣም፤ አንድ ቡድን የገባበት ምድብ ውስጥ አሥር፣ ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ምድብ የተፈለገው መጀመሪያ ለፍትሕ ተብሎ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። የተፈለገው ለአንድ ተጨማሪ ጨዋታ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤንሲኤኤ፣ ማለትም የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ማኅበር፣ ያወጣው ደንብ ቢያንስ 12 አባላት ያሉት ኮንፈረንስ በሁለት ከተከፈለና በየምድቡ ሁሉም ከሁሉም ጋር ከተጫወተ፣ ከመደበኛው ቁጥር በላይ አንድ የዋንጫ ጨዋታ እንዲያካሂድ ይፈቅድ ነበር። በዚህ ደንብ ውስጥ የተቀመጠውን ገንዘብ ከሁሉም ቀድሞ ያየው በደቡብ ግዛቶች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያሰባስበው ኮንፈረንስ፣ ኤስኢሲ፣ ነበር፤ በኮሚሽነሩ በሮይ ክሬመር መሪነት አርካንሳስንና ሳውዝ ካሮላይናን ጨምሮ አባላቱን 12 አደረሰና ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ ከፈላቸው። ዲሴምበር 5 ቀን 1992 በበርሚንግሃም ከተማ በተካሄደው የመጀመሪያው የዋንጫ ጨዋታ አላባማ ፍሎሪዳን 28 ለ 21 አሸነፈ። አላባማ በዚያ ዓመት እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ያልተሸነፈ ቡድን ስለነበር፣ ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት በሩ ላይ የደረሰን ቡድን በገዛ እጅ ተጨማሪ አደጋ ውስጥ መክተት እብደት ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። በአራተኛው ሩብ ሁለቱ ቡድኖች 21 ለ 21 እኩል ሳሉ አንቶኒዮ ላንግሃም የተባለው የአላባማ ተከላካይ የፍሎሪዳን ኳስ ቀምቶ እስከ መጨረሻው መስመር ባይሮጥ ኖሮ፣ እነዚያ ሰዎች ትክክል ነበሩ ይባል ነበር። ላንግሃም ግን ሮጠ፤ አላባማም በኋላ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ኮንፈረንሶች ይህን መንገድ ለመከተል 12 አባል ማሟላት ላይ ተሯሯጡ።

እንግዲህ 12 ቡድኖችን ስድስት ስድስት አድርጎ ለመክፈል ስንት መንገድ አለ? ሒሳቡ 462 ይላል። 14 ቡድኖችን ሰባት ሰባት ለማድረግ ደግሞ 1716 መንገድ አለ። ይህ ለኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱን አከፋፈል አንድ በአንድ መዝኖ «ሚዛናዊው ይህ ነው» ሊል ይችላል። ችግሩ ኮምፒውተሩ በምን እንደሚመዝን የሚነግረው ሰው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ቁርጡን አለማወቁ ነው። በዚህ ጉዳይ «ሚዛን» የሚባለው ነገር ሲፈተሽ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ሆኖ ይገኛል። አንደኛው የሁለቱ ምድቦች ድምር ጉልበት እኩል እንዲሆን ነው። ሁለተኛው የእያንዳንዱ ቡድን መንገድ በእኩል መጠን ከባድ እንዲሆን ነው። ሦስተኛው በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ሁለቱ ምርጥ ቡድኖች እንዲገናኙ ነው። እነዚህ ሦስቱ አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ፤ ግን አንዱን ሲያጠብቁት ሌላው ይላላል፤ ይህንንም በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ካለው ኮንፈረንስ፣ ከቢግ ቴን፣ ታሪክ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ቢግ ቴን በ2011 ነብራስካን ተቀብሎ አባላቱ 12 ሆኑ። ኮሚሽነሩ ጂም ዴላኒ ምድቦቹን ሲያዘጋጁ ቅደም ተከተሉን በግልጽ አስቀምጠው ነበር፤ መጀመሪያ የውድድር ሚዛን፣ ቀጥሎ የቆዩ ባላንጣነቶች፣ መልክዓ ምድር ግን መጨረሻ። መለኪያውም ግምት አልነበረም፤ ፔን ስቴት በኮንፈረንሱ መጫወት ከጀመረበት ከ1993 ወዲህ ያለው ውጤት ተሰብስቦ ተመዘነ። በዚያ ሚዛን አራት ቡድኖች ከሌሎቹ ከፍ ብለው ስለወጡ ሁለት ሁለት ሆነው ተከፈሉ፤ ሚሺጋንና ነብራስካ በአንድ ወገን፣ ኦሃዮ ስቴትና ፔን ስቴት በሌላው። ከእነሱ ቀጥለው የሚመጡት አዮዋና ዊስኮንሰንም እንዲሁ ተለያዩ። በወረቀት ላይ ካየነው እንከን የሚወጣለት አልነበረም፤ እኔ በግሌ እስከ ዛሬ ከተሠሩት አከፋፈሎች ሁሉ በጥንቃቄ የታሰበበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ምድቦቹ «ሌጀንድስ» እና «ሊደርስ» የሚል ስም ተሰጥቷቸው ሕዝቡ ሳቀባቸው፤ ይህ ግን ትንሹ ችግር ነበር።

ትልቁ ችግር የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። አዮዋና ዊስኮንሰን ድንበር የሚጋሩ ጎረቤት ግዛቶች ናቸው፤ ቡድኖቻቸውም የሚመሳሰሉ፣ በከባድ መስመር ተጫዋቾችና በሩጫ የሚታመኑ፣ በየዓመቱ መገናኘት የለመዱ ነበሩ። በአዲሱ አከፋፈል እያንዳንዱ ቡድን ከሌላው ምድብ አንድ ቋሚ ተጋጣሚ እንዲኖረው ሲወሰን፣ ዊስኮንሰን ከ1890 ጀምሮ ሲጫወታት የኖረችውን ሚኒሶታን ማጣት ስለማይችል ቋሚ ቦታው በእሷ ተያዘ፤ አዮዋ ደግሞ ከፐርዱ ጋር ተጣመረ። አዮዋን ከፐርዱ ጋር የሚያስተሳስር የተለየ ታሪክ አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ ሲጣመር የቀሩት እነሱ ስለነበሩ ብቻ ተጣመሩ። በዚህ ምክንያት አዮዋና ዊስኮንሰን በ2011ም ሆነ በ2012 ሳይገናኙ ቀሩ። ሁለቱ ምድቦች ተመጣጥነዋል የሚለው ዜና ደጋፊው ያጣውን አንድ ቅዳሜ አይመልስለትም። ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋንም በተለያየ ምድብ ስለተቀመጡ፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቅዳሜ ላይ የሚያደርጉትን ጨዋታ በሳምንቱ በዋንጫው ሊደግሙት ይችሉ ነበር፤ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ጨዋታ ትርጉም ምን ሊሆን ነው ብለው የሁለቱም ወገን ሰዎች አጉረመረሙ።

ሚዛኑስ ራሱ ሠራ ወይ? በ2012 ኦሃዮ ስቴት 12 ጨዋታ ተጫውቶ 12ቱንም አሸነፈ፤ ነገር ግን ቅጣት ላይ ስለነበር ለዋንጫው መቅረብ አይችልም። በምድቡ ሁለተኛ የሆነው ፔን ስቴትም ቅጣት ላይ ነበር። ስለዚህ በኮንፈረንሱ አራት አሸንፎ አራት የተሸነፈው፣ በምድቡ ሦስተኛ የሆነው ዊስኮንሰን የዋንጫው ጨዋታ ወደሚካሄድበት ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደና ነብራስካን 70 ለ 31 ድል አደረገ። የአሥራ ሰባት ዓመት መረጃ ይህን ሊተነብይ አይችልም ነበር፤ የማንንም ጥፋት ለማሳየት አልጠቀስኩትም። ከዋናዎቹ አንዱ ሲቀጣ፣ ወይም አሰልጣኙ ሲለወጥ፣ በጥንቃቄ የተመዘነው ሁሉ በአንድ ክረምት እንደሚገለበጥ ለማሳየት ነው።

በ2014 ሜሪላንድና ረትገርስ ሲገቡ ቢግ ቴን ያንን ሁሉ ጥሎ ወደ መልክዓ ምድር ተመለሰ፤ ምሥራቅና ምዕራብ። መስመሩን ለማስመር የተቸገሩት በኢንዲያና ግዛት ላይ ብቻ ነበር፤ ከግዛቲቱ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ፐርዱ ወደ ምዕራብ፣ ኢንዲያና ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ ከ1925 ጀምሮ በአሮጌ የእንጨት ባልዲ የሚፎካከሩበት ዓመታዊ ጨዋታም ምድብ ተሻግሮ የተጠበቀ ብቸኛው ጨዋታ ሆነ። አዮዋና ዊስኮንሰን ተገናኙ፤ ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋንም በአንድ ምድብ ሆነው የመጨረሻው ቅዳሜ ክብሩን አገኘ። ደጋፊው በዚህ ረካ። ነገር ግን ከ2014 እስከ 2023 በተካሄዱት አሥር የዋንጫ ጨዋታዎች ምሥራቅ አሥሩንም አሸነፈ፤ ሲጀመር ኦሃዮ ስቴት ዊስኮንሰንን 59 ለ 0፣ ሲያበቃ ሚሺጋን አዮዋን 26 ለ 0።

ይህን አሥር ለዜሮ የሚያይ ሰው መልክዓ ምድር ሚዛን አጠፋ ብሎ ይደመድማል። እኔ ግን ጥቂት ቆም ብለን እንድናይ እፈልጋለሁ። በ2015 አዮዋ አንድም ሳይሸነፍ መጥቶ ሚሺጋን ስቴትን ሲገጥም ጨዋታው ሊያበቃ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ሲቀር በመሪነት ላይ ነበር። ከዚያ ሚሺጋን ስቴት ኳሱን ያዘና 22 ሙከራ ወስዶ፣ ጥቂት ጥቂት ያርድ እየገፋ፣ ሰዓቱን እየበላ ሄዶ 27 ሰከንድ ሲቀር ኳሱን ከመስመሩ አሻገረና 16 ለ 13 አሸነፈ። ያ ግፊት መሐል ላይ ቢከሽፍ ኖሮ አሥር ለዜሮ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ደግሞም በ2013 ምድቦቹን የነደፈ ሰው ለምዕራብ ምሰሶ ይሆናል ብሎ የሚቆጥረው ነብራስካን ነበር፤ ነብራስካ ግን ከ2017 እስከ 2023 ድረስ በአንድም ዓመት ድሉ ከሽንፈቱ በልጦ አያውቅም። ይህ የካርታው ጥፋት ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል፣ ምዕራብ ደካማ በመሆኑ ኖርዝዌስተርንን የመሰለ ቡድን ሁለት ጊዜ፣ ፐርዱም አንድ ጊዜ ለዋንጫ ጨዋታ ደርሰዋል። በምሥራቅ የተቀመጠው ሜሪላንድ ግን በየዓመቱ ኦሃዮ ስቴትን፣ ሚሺጋንን፣ ፔን ስቴትንና ሚሺጋን ስቴትን ሲገጥም ኖሮ ምድቡን አንድ ጊዜም አላሸነፈም። ስለ ሚዛን የሚያወራ ሁሉ የሚያስበው ስለ ዋንጫው ጨዋታ ነው፤ ትልቁ ኢፍትሐዊነት የደረሰው ግን ከዋንጫው አጠገብ በማይደርሱት፣ በምሥራቅ መሐል ላይ በነበሩት ቡድኖች ላይ ነው።

ሚዛኑ ራሱ ተገልብጦ የታየበት ቦታ ቢግ ትዌልቭ የተባለው ኮንፈረንስ ነው። በ1996 ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ሲከፈል የተፈራው ሰሜን ነበር፤ በ1995 ማብቂያ ላይ በአገሪቱ ምርጥ አሥር ውስጥ ከነበሩት መካከል ነብራስካ፣ ኮሎራዶ፣ ካንሳስ ስቴትና ካንሳስ ይገኙ ነበር፤ አራቱም የሰሜን ናቸው። ከ2004 እስከ 2010 በነበሩት ሰባት የዋንጫ ጨዋታዎች ግን ሰባቱንም ያሸነፈው ደቡብ ነው፤ በ2005 ቴክሳስ ኮሎራዶን 70 ለ 3 አድርጓል። ለአከፋፈሉም ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነበር፤ ነብራስካና ኦክላሆማ፣ በአንድ ወቅት የአገሪቱ ዓይን የሚያርፍበትን ዓመታዊ ጨዋታ የሚያደርጉት ሁለቱ፣ በሁለት ምድብ ተለያይተው ከአራት ዓመት ሁለቱን ብቻ መገናኘት ጀመሩ። በ2008 ደግሞ ቴክሳስ ኦክላሆማን፣ ቴክሳስ ቴክ ቴክሳስን፣ ኦክላሆማ ቴክሳስ ቴክን አሸንፈው ሦስቱም በደቡብ እኩል ሲሆኑ፣ ማን ይለፍ የሚለው በሜዳ ሳይሆን በብሔራዊ ደረጃ አሰጣጥ ተወሰነ። ኦክላሆማ አለፈ፤ ኦክላሆማን በገለልተኛ ሜዳ 45 ለ 35 ያሸነፈው ቴክሳስ ቤቱ ቀረ።

በአትላንቲክ ዳርቻ ያለው ኮንፈረንስ፣ ኤሲሲ፣ በ2005 ሲከፈል አንድ የተለየ ሐሳብ ነበረው፤ ፍሎሪዳ ስቴትና ማያሚ በየዓመቱ በዋንጫው እንዲገናኙ በተለያየ ምድብ አስቀመጣቸው። ምድቦቹ እስኪፈርሱ ድረስ ሁለቱ አንድ ጊዜም በዋንጫ አልተገናኙም። ማያሚ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰው በ2017 ሲሆን በክሌምሰን 38 ለ 3 ተሸነፈ። ማያሚ የነበረበት ኮስታል ምድብ ከ2013 እስከ 2019 በሰባት ዓመት ሰባቱንም አባላቱን በየተራ አሸናፊ አደረገ፤ በሌላው ምድብ ግን ከክሌምሰንና ከፍሎሪዳ ስቴት በቀር ለረጅም ዓመታት ማንም አላለፈም። በጣም የሚገርመው የኖርዝ ካሮላይናና የዌክ ፎረስት ጉዳይ ነው። በአንድ ግዛት ውስጥ ያሉ፣ ኮንፈረንሱን በ1953 አብረው የመሠረቱ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ምድቡ ስላራራቃቸው በ2019ና በ2021 ከኮንፈረንሱ ውጭ የሚቆጠር ጨዋታ ተዋውለው ተገናኙ። እንደ እንግዳ ማለት ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። 14 አባላትና 8 ጨዋታ ሲኖር ስድስቱ በምድቡ ውስጥ ያልቃሉ፣ አንዱ ለቋሚው ተጋጣሚ ይሄዳል፤ የቀረው አንድ ጨዋታ በሌላው ምድብ ላሉ ስድስት ቡድኖች በየተራ ይደርሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዳቸው ጋር በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ መገናኘት፣ በሜዳቸው መገኘት ደግሞ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይሆናል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2012 ኤስኢሲን ከተቀላቀለበት ጊዜ ጀምሮ ምድቦቹ እስከቀሩበት እስከ 2023 ድረስ ጆርጂያ በቴክሳሱ ቡድን ከተማ በኮሌጅ ስቴሽን ተገኝቶ አልተጫወተም። አራት ዓመት የሚማር ተማሪ፣ ወደ ማስተርስ ቢሻገር እንኳ፣ የገዛ ኮንፈረንሱን ሻምፒዮን በሜዳው ሳያይ ይመረቃል። በዚያው ኮንፈረንስ ሦስተኛው ዓይነት ሚዛንም ሲናጋ በ2011 ታይቷል፤ ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) እና አላባማ የአገሪቱ ሁለት ምርጥ ቡድኖች ሆነው ሳለ ሁለቱም ምዕራብ ስለነበሩ በኮንፈረንሱ ዋንጫ መገናኘት አይችሉም፤ ኤልኤስዩ በኖቬምበር አላባማን 9 ለ 6 አሸንፎ ምድቡን ወሰደ፤ የገዛ ምድቡን ያላሸነፈው አላባማ ደግሞ በጃንዋሪ በብሔራዊው ፍጻሜ ኤልኤስዩን 21 ለ 0 ረታ።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አቋም ይህ ነው፤ ቡድኖችን በጉልበት መዝኖ መመደብ በየጊዜው የሚለዋወጥን ነገር እንደ ቋሚ መቁጠር ነው። የማይለዋወጠው ማን ከማን ጋር መጫወት እንደሚፈልግ ነው፤ ሚኒሶታና ዊስኮንሰን ደካማም ሆኑ ብርቱ እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ። ስለዚህ መነሻው ባላንጣነት፣ የሚስተካከለው ደግሞ በቀሩት ጨዋታዎች አደላደል ቢሆን ይሻላል፤ አደላደሉም በየጥቂት ዓመቱ መከለስ አለበት። በ2022 ኤንሲኤኤ የምድብ ግዴታውን ሲያነሣ ኮንፈረንሶቹ የሄዱት ወደዚሁ ነው። ኤሲሲ ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ቋሚ ተጋጣሚ ሰጥቶ ከቀሩት አሥሩ ጋር በአራት ዓመት ሁለት ጊዜ እንዲገናኝ አደረገ። ከትልልቆቹ ወጣ ብለን ካየን ሰን ቤልት የተባለው አነስተኛ ኮንፈረንስ ምሥራቅና ምዕራቡን ይዞ ቀጥሏል፤ ረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ለማይችል ካዝና ያ አያስነቅፍም። ቢግ ቴን ከምዕራብ ዳርቻ የመጡትን አራት ቡድኖች ጨምሮ 18 ሲሆን የተከተለው ዘዴ ከሁሉም ይማርከኛል፤ ለሁሉም እኩል ቁጥር ያለው ቋሚ ተጋጣሚ መስጠቱን ትቶ፣ አዮዋ ሦስት ባላንጣዎች ስላሏት ሦስት ሰጣት፣ ፔን ስቴት የሚያስቸግር ባላንጣ ስለሌላት ምንም አልሰጣትም።

ይሁን እንጂ አዲሱ ዘዴ ገና በመጀመሪያው ዓመት የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። በ2024 ኦሬገን ዘጠኙንም የኮንፈረንስ ጨዋታ አሸንፎ ለዋንጫው አለፈ፤ ሁለተኛው ቦታ ላይ ግን ፔን ስቴትና ኢንዲያና ስምንት አሸንፈው አንድ ተሸንፈው እኩል ሆኑ። ሁለቱንም ያሸነፈው ኦሃዮ ስቴት ነው፤ እርስ በርሳቸው ግን አልተገናኙም። ስለዚህ የገጠሟቸው ቡድኖች የድል ድምር ተሰልቶ ፔን ስቴት አለፈ፤ በታሪኩ እንዲህ ያለ ዓመት አይቶ የማያውቀው ኢንዲያናም ዋንጫውን በቴሌቪዥን ተመለከተ። ሁለቱ እስከ አንድ ዓመት በፊት ድረስ በምሥራቅ ምድብ አብረው ነበሩ፤ ያ የተወቀሰው ምድብ ባይፈርስ ኖሮ ጉዳያቸው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሜዳ ላይ ያልቅ ነበር።